ያልተጠየቀው ስባሪ

ጥቅምት ሃያ አንድ ቀን ጠዋት፣ ዘርፈሽዋል በርበሬ ልታሰጣ ግቢዋ ውስጥ ሸራ ስትዘረጋ፣ ጎረቤቷ ፈቲሀ የማርያምን ጽዋ በሁለት እጇ ታቅፋ በአጥሩ ክፍተት ብቅ አለች። ሙስሊም ሴት የማርያም ጽዋ ታቅፋ ማየት ለሌላ ሰው እንግዳ ነገር ይሆን ነበር። ዘርፈሽዋልን ያስደነገጣት ግን እሱ አልነበረም፤ ጽዋው ወደ እሷ መምጣቱ ነው። ይህ ጥቁር የሸክላ ማሰሮ የማርያም ማኅበር ሴቶች በየወሩ በሃያ አንድ፣ በማርያም ዕለት፣ ከቤት ቤት ሲያዞሩት የኖሩት ነው፤ ላዩ ላይ ቀይ መስቀል የተጠለፈበት ነጭ ጨርቅ ለብሷል። አምስት ዓመት ሙሉ አጥር ማዶ፣ ፈቲሀ ሳሎን ውስጥ፣ ከቁርዓኑ ቀጥሎ ባለው መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ነበር። ዘርፈሽዋል እዚያ ቤት በገባች ቁጥር ዓይኗን ወደዚያ ግድግዳ ላለማንሣት ስትል ወለሉን እያየች ነው ወሬ የምታወራው። የፈቲሀን ምንጣፍ አበባዎች ከባለቤቷ በላይ ታውቃቸዋለች።

ፈቲሀ እንደ ወትሮዋ ቁጭ ብላ ወሬ አልጀመረችም። ከበስተኋላዋ፣ ከግቢዋ፣ ዕቃዋን የሚጭነው የአይሱዙ ረዳት ቁም ሳጥን ሲጎትት ይሰማል። መንገዱ ሊሰፋ ነው ተብሎ ሰዎች ሜትር ይዘው የመጡት ነሐሴ ውስጥ ነበር። ሜትሩ የፈቲሀን ሳሎን ለሁለት ከፈለውና ግድግዳዋ ላይ ቀይ ቀለም ተቀባ፤ የዘርፈሽዋል ቤት በሁለት ክንድ ተረፈ። ሃያ ሁለት ዓመት በአንድ አጥር የኖሩ ሴቶች አንዷ ፈራሽ፣ አንዷ ተራፊ ሆኑ። ያን ዕለት ዘርፈሽዋል የምትለው ጠፍቷት ቀለሙን በጥፍሯ ስትፍቅ ፈቲሀ አየቻትና ሳቀች፤ ተይው፣ ግድግዳውም አብሮ ነው የሚሄደው አለቻት። አሁን ልጇ ዑመይር ወልቂጤ፣ ጨርቅ ከሚሸጥበት ሱቅ ጀርባ ሁለት ክፍል ተከራይቶላት ዕቃዋን ጭና ልትሄድ ነው። ሾፌሩ አሥራ ሁለት ሺህ ብር ብሏታል። ዕቃው ራሱ ቢሸጥ ይህን አያወጣም እያለች ስትከራከረው ሰፈሩ በሙሉ የነቃው በእሷ ድምፅ ነው።

«በይ እንግዲህ ዘርፌ፣ አማናሽን ተቀበይኝ» አለቻት።

ዘርፈሽዋል እጇን በቀሚሷ ጠረገች እንጂ አልዘረጋችም። በርበሬ ነክቼበታለሁ አለች። ቀጥላም ይዘሽው ሂጂ፣ ለጊዜው ወልቂጤ ይቆይ፣ እኔ ራሴ መጥቼ እወስደዋለሁ እያለች ስትለማመጥ፣ ፈቲሀ ጨርሳ እስክትናገር ጠበቀቻት።

«ወላሂ አላደርገውም። እዚህ ሲሆን አማና ነው፤ ጭኜው ከሄድኩ ግን ሰረቅኩት ማለት ነው። ዛሬ ደግሞ ሃያ አንድ ነው። ቀኑን ቆጥሬ ነው ያመጣሁልሽ።»

ከዚያም እንደ ማንኛውም ዕቃ አስረካቢ ታስረዳት ጀመር። አንድም ቀን መሬት አላስቀመጠችውም። ጨርቁን በየዓመቱ መስቀል ሲደርስ፣ ክርስቲያኖቹ ልብሳቸውን በሚያጥቡበት ሰሞን፣ ለብቻው በሳፋ አጥባዋለች። ልጆች እንዳይነኩት ወንበሩን ከሥሩ አንሥታለች። ዘርፈሽዋል በመጨረሻ እጇን ታጥባ ተቀበለች። ጽዋውን በመካከላቸው አድርገው ተቃቀፉ፤ አፉ በይኝ ተባባሉ፤ ፈቲሀ የመኪናው ጥሩምባ ሲጠራት ሲቀበሉሽ ደውይልኝ ብላት ሄደች። ሲቀበሉት አይደለም ያለችው፤ ሲቀበሉሽ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ከአምስት ዓመት በፊት የዘርፈሽዋል ባል ኃይሌ ጉበቱን ታመመ። ቡታጅራ ታከመ፣ አዲስ አበባ ታከመ፤ ሐኪሞቹ ወረቀቱን እያዩ አንገታቸውን መነቅነቅ ጀመሩ። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይባል የለ፤ ዘርፈሽዋልም በርበሬ ልትገዛ ቆሼ ገበያ በወረደችበት ቀን አንዲት ነጋዴ የነገረቻትን ሰምታ፣ ከዚያ ወዲያ ቆላ ውስጥ ያለ አንድ ጠንቋይ ዘንድ ሄደች። ቅዳሴ የማታስታጉል፣ የማርያም ማኅበርተኛ፣ ጠንቋይ የሚለውን ቃል ስትሰማ እንኳ የምታማትብ ሴት ነበረች። ሰውየው ማተብሽን በጥሺ አላት፤ በጠሰች። ቀይ ዶሮ ደፍሽ ላይ ይታረድ አላት፤ እሺ አለች። ቤትሽ ውስጥ የማይወደኝ ነገር አለ፣ እሱን አውጪው ሲላት ደግሞ ምኑን ማለቱ እንደሆነ ወዲያው ገባት። ተራዋ ነበርና ጽዋው ጓዳዋ ውስጥ ነበረ። በአንሶላ ጠቅልላ ለአሥራ አራት ዓመቷ ልጇ ለናዝሬት ሰጠችና፣ ለሁለት ቀን አስቀምጪልኝ አለችሽ በያት ብላ ወደ ፈቲሀ ላከቻት። ማርያም እንዳታይ ነው። ማርያምን የቆርቆሮ አጥር የሚጋርዳት ይመስል።

ኃይሌ በስድስተኛው ሳምንት ሞተ። የማኅበሩ ሴቶች ለቅሶ መጡ፣ ሠልስት መጡ፣ አርባውን አወጡላት። ከዚያ የማኅበሩ ሙሴ፣ ማለት መሪያቸው፣ እትዬ ውድነሽ፣ ጎን አድርጋ ኀዘንተኛ ነሽና ተራሽን ሌላ ሰው ያውጣልሽ፣ ጽዋውን ብቻ ስጪን አለቻት። ዘርፈሽዋል ያን ጊዜ እውነቱን ትናገር ነበር፤ አፏ ድረስ መጥቷል። ግን የወጣው ሌላ ሆነ። ተሰበረብኝ አለች። ከጎን የነበረች አንዲት ሴት እሰይ፣ ክፉውን ሁሉ ይዞ ይሂድልሽ አለች። እትዬ ውድነሽ ረጅም ጊዜ አየቻትና እግዜር ያጽናሽ ብቻ አለች፤ ሌላ ምንም ጥያቄ አልጠየቀችም። አዲስ ጽዋ ተገዛ። ዘርፈሽዋልም ቀረች። መጀመሪያ ጉልበቴን አለች፣ ቀጥሎ በርበሬው ደርሶብኝ ነው አለች፣ ከዚያ እንደገና ጉልበቷን አመማት። ባዶ አንገቷን ለመሸፈን በሙቀቱም ወራት ሻሽ ትጠመጥም ጀመር። በቤተ ክርስቲያኑ በር ስታልፍ ባጃጅ ውስጥ ሆና ሾፌሩ በማያያት ጎን በአንድ ጣቷ ታማትባለች። እግዚአብሔርስ ይቅር ባይ ነው፤ ይህን አልተጠራጠረችም። መንገዱን የዘጋባት ለሴቶቹ የዋሸችው ነው። ተሰበረ ያለችውን ዕቃ ሙሉውን ይዛ በየትኛው ፊቷ ትገባለች? ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ፤ የእሷ ግን እያደር ከበዳት።

የፈቲሀ መኪና ከሄደ በኋላ ዘርፈሽዋል ጽዋውን ታቅፋ ቤቱን ዞረች። ሳሎኑ ውስጥ ሰው የሚቀመጥበት እንጂ ጽዋ የሚያስቀምጡበት ቦታ የላትም። ቴሌቪዥኑ ላይ አይሆንም፤ ጠረጴዛው ላይ የትናንት ሽንኩርት አለ፤ ጓዳው የበርበሬ ኩንታል ሞልቶታል። አምስት ዓመት ያለ ጽዋ የኖረ ቤት ከፍ ያለውን ቦታ ሁሉ ለዕቃ አውሎታል። ወደ ጓሮ ወጣች። እዚያ፣ ከውኃ ቧንቧው አጠገብ፣ ልብስ የሚታጠብበት ድንጋይ አለ። ድንጋዩን እያየች ሳለ አንድ ሐሳብ መጣባት፤ የመጣባትም በጣም ቀስ ብሎ፣ በጣም ምክንያታዊ መስሎ ነው። አንድ ጊዜ ለቀቅ ብታደርገው ጽዋው ተሰበረ ማለት ነው። ያን ጊዜ ያለችው ዛሬ እውነት ይሆናል። ስባሪውን ለቅማ ብትሄድ ሴቶቹ ያዝኑላታል እንጂ ማንም አይታዘባትም፤ በዚያው ወደ ማኅበሯ ትመለሳለች፤ ከእግዚአብሔር ጋር ደግሞ ቀስ ብላ ለብቻዋ ትነጋገራለች።

ጨርቁን ብገፈው ይሻላል፣ ጨርቁ ምን አደረገ ብላ ፈታችው። ያን ጊዜ ነው ያየችው። እሷ የሰጠችው ጨርቅ ጫፉ ተተልትሎ፣ የጠላ ጠብታ ነክቶት፣ ቢጫ መትቶት ነበር። አሁን ነጭ ነው። ጫፉ በቀጭን ስፌት ተከፍፏል፤ ማጠፊያው የካውያ መስመር አለው። የሰው ሃይማኖት፣ የሰው ዕቃ፣ የሰው ውሸት፤ ፈቲሀ ግን ይህን ሁሉ ሳትጠይቅ በየዓመቱ አጥባ ተኩሳ አኑራዋለች። ዘርፈሽዋል ልብስ ማጠቢያው ድንጋይ ላይ ራሷ ተቀመጠችበት። ጽዋውን ጭኗ ላይ አድርጋ አለቀሰች፤ ከኃይሌ ቀብር ወዲህ እንዲህ አልቅሳ አታውቅም። ሌላ ሰው አምስት ዓመት የጠበቀውን እኔ በአንድ ደቂቃ ልሰብር ነበር እያለች ነበር የምታለቅሰው።

ናዝሬት ከምትሠራበት ፋርማሲ ለምሳ ስትመጣ እናቷን እዚያው አገኘቻት። ጥላው ዞሮ ፀሐይ ላይ ናት፤ በርበሬው ሳይሰጣ፣ ምሳው ሳይሠራ። ልጅቷ ጽዋውን አየች፣ እናቷን አየች። በዚያ ጉዳይ አምስት ዓመት አንድ ቃል ተነጋግረው አያውቁም። ናዝሬት ዶሮው የታረደበትን ደፍ ዛሬም ድረስ ሳትረግጠው ተራምዳው ነው የምትገባው፤ ዘርፈሽዋልም ይህን እያየች እንዳላየች ትሆናለች። ልጅቷ እጇን ታጠበች።

«ያን ቀን ስወስደው በጣም ከብዶኝ ነበር» አለች በመጨረሻ። «ባዶ መሆኑን እያወቅኩ።»

ዘርፈሽዋል ይቅር በይኝ አለቻት። ለልጅ ይቅርታ መጠየቅ ልምድ አልነበራትምና ቃሉ ከአፏ እንደ ትእዛዝ ሆኖ ወጣ። ናዝሬት ሳቅ አመለጣት፤ ሳቋም ወደ እንባ ሄደ። ከሣጥን ሥር የእናቷን ነጠላ አወጣች፣ የብል መድኃኒት ሽታው እንዲለቅ አራገፈችው፣ ከኋላዋ ሆና አለበሰቻት። ፋርማሲው ደውላ ከሰዓት አልገባም አለች።

ባጃጅ ያዙ። ሾፌሩ ጽዋውን እንዳየ የከፈተውን ዘፈን ዘጋ፤ ያለ ወትሮው ጉድጓዱን ሁሉ እየዞረ፣ እንቁላል እንደጫነ ሰው ቀስ ብሎ ነዳ። ሂሳቡን ግን አልቀነሰም፤ ሠላሳ ሠላሳ ብር ተቀበላቸው። የዛሬዋ ተረኛ እትዬ ውድነሽ ናት፤ ደጇ ላይ የሴቶቹ ጫማ ተደርድሯል። ዘርፈሽዋል ጫማዎቹን ቆጠረቻቸው፤ አሥራ አንድ ናቸው፣ አንድ የወንድ አለ፣ የማኅበሩ ካህን የአባ ዘመድኩን መሆን አለበት። ተመልሳ ልትሄድ አሰበች። ናዝሬት ከኋላዋ ነበረች፤ አልገፋቻትም፣ ግን ከመንገዱ ላይ አልተነሣችም።

ቤቱ ያው የድሮው ነው። አረንጓዴ ቀለም የተቀባ ግድግዳ፣ ጥግ ላይ በመጋረጃ የተሸፈነ የእመቤታችን ሥዕል፣ ዙሪያውን አግዳሚ ወንበር፣ መሐል ላይ በሰፌድ የቀረበ ድፎ ዳቦ። አዲሱ ጽዋ ቢጫ ጨርቁን ለብሶ ከካህኑ ፊት ተቀምጧል። ሴቶቹ ስለ ስኳር ዋጋ እያወሩ ነበር፤ ዘርፈሽዋል ስትገባ ወሬው ቆመ። ዓይናቸው መጀመሪያ እሷ ላይ፣ ቀጥሎ የታቀፈችው ላይ አረፈ። ያልለየው አልነበረም። የጨርቁን መስቀል ያኔ የጠለፈችው እትዬ ውድነሽ ራሷ ናት፤ ክር አልቆባት አንዱን ክንፍ ስላሳጠረችው ሴቶቹ ስንት ዘመን ቀልደውባታል። ያው አጭር ክንፍ አሁን ፊታቸው ቆሟል።

«አልተሰበረም ነበር» አለች ዘርፈሽዋል። «ዋሽቻችኋለሁ።»

ከዚያ በኋላ ቆማ ሁሉንም ተናገረች። የቆሼውን መንገድ፣ ማተቧን፣ ዶሮውን፣ ማርያም እንዳታይ ብላ ጽዋውን አጥር ማሻገሯን፣ ፈቲሀ እንዴት እንዳኖረችው። ጓሮ ያለውን ድንጋይ እንኳ አልደበቀችም። ስትጨርስ ሻሿን ከአንገቷ ፈታች። ያ ባዶ አንገት በሰው ፊት ሲታይ የመጀመሪያው ነው። ከወደ ጥግ አንዲት ሴት፣ ታዲያ እኮ በሌላ ሃይማኖት ሰው ቤት የኖረ ነው፣ እንዴት ይሆናል ብላ ወደ ጎረቤቷ አንሾካሾከች፤ ሹክሹክታ ግን በጸጥታ ቤት ውስጥ ጩኸት ነው።

እትዬ ውድነሽ ሰባን ተሻግራለች። ስትነሣ ጉልበቷ ይንቋቋል፤ ስለዚህ ሳትነሣ ነው የተናገረችው። ሴትየዋ አምስት ዓመት ከመሬት አላስቀመጠችውም ተብሏል፣ ከመሐላችን እንዲህ አድርጋ ያኖረች ካለች እጇን ታውጣ፣ እኔ እንኳ ያለፈውን ወር ሙሉ ፍሪጅ ላይ ነው ያስቀመጥኩት አለች። እጅ አልወጣም። ከዚያ ወደ ዘርፈሽዋል ዞረች።

«የጽዋ ስባሪ የት ነው የሚገባው?»

«ቤተ ክርስቲያን» አለች ዘርፈሽዋል። «ተለቅሞ ከቅጥሩ ውስጥ ይቀበራል።»

«ተሰበረብኝ ስትይኝ ስባሪውን አምጪ አልኩሽ?»

«አላሉኝም እትዬ።»

«እዚህ ካሉት አንዷ ጠየቀችሽ?»

ዘርፈሽዋል ዞራ አየቻቸው። ማንም አልጠየቃትም ነበር። አንዳንዶቹ ወለሉን፣ አንዳንዶቹ እሷን ያያሉ።

«ረስተን መሰለሽ?» አለች እትዬ ውድነሽ። «ብንጠይቅሽ ሌላ ሸክላ ሰብረሽ ታመጪልን ነበር፣ ቀብረነውም እንገላገል ነበር። ዝም ያልነው ሙሉውን ይዘሽ እንድትመጪ ነው።»

ዘርፈሽዋል ጉልበቷ ከዳት፤ ይኸኛው እውነተኛ የጉልበት ሕመም ነበር። ናዝሬት ጽዋውን ከእጇ ተቀበለቻትና ሁለት ሴቶች ደግፈው አስቀመጧት። ያ ሁሉ ዘመን ተደብቄያለሁ ስትል እነዚህ ሴቶች ያውቁ ነበር። ዘጉብኝ ያለችውን በር ከውስጥ ሆነው ገርበብ አድርገው ይዘውላት ነበር፤ በየወሩ ዳቦ እየቆረሱ፣ ስሟን እያነሡ፣ አንዲት ጥያቄ እየዋጡ። የእትዬ ውድነሽን ያን የያኔውን ረጅም አስተያየት አስታወሰች። ያን ጊዜ ጥርጣሬ ነው ብላ የፈራችው ምሕረት ነበር። አምላኬ፣ ምን አድርጌልህ ነው እንዲህ ያሉ ሰዎች የሰጠኸኝ አለች፤ በልቧ ያለችው መስሏት ድምፅ አውጥታ ነበር የተናገረችው፤ ሴቶቹም አሜን አሏት።

አባ ዘመድኩን መስቀላቸውን አሳለሟትና ነገ ከቅዳሴ በፊት ለንስሐ እንድትመጣ፣ ማተብም ይዛ እንድትመጣ፣ ቀኖናውን ያኔ እንደሚነግሯት፣ ቀላልም እንደማይሆን ነገሯት። ቀላል አለመሆኑ ደስ አላት። ጽዋው ዛሬ አይጠጣበትም፣ ይጸለይበታል አሉ፤ ጸለዩበት፣ ጠበል ረጩት። እትዬ ውድነሽ አምስት ዓመት የቆየ ተራሽ የሚመጣው ወር ነው፣ ኅዳር ጽዮን ደግሞ በጾም ነው የሚውለው፣ ማርያም ቅቤውን ተወችልሽ ስትላት ቤቱ ሳቀ። ቅድም ያንሾካሾከችው ሴት ከድፎው ወፍራሙን ቁራሽ አምጥታ በሁለት እጇ ሰጠቻት። ዘርፈሽዋል ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሰችም፤ ያን ዳቦ ፍርፋሪውን ከነጠላዋ ላይ እየለቀመች በላችው።

ሴቶቹ አሮጌውን ጽዋ ይዘው እየዘመሩ እስከ ቤቷ ሸኟት። ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም። ሰፈሩ ወጥቶ ያያል፤ ባለ ሱቁ ሬዲዮውን ዘጋ። ቤት ሲደርሱ ዘርፈሽዋል ጽዋው የት ይቀመጣል ብላ ልትጨነቅ ስትል፣ ናዝሬት ፒንሳ ይዛ በአጥሩ ክፍተት ወደ ባዶው የፈቲሀ ቤት ስትገባ አየች። ትንሽ ቆይታ አንድ የመደርደሪያ ጣውላ ከነመያዣ ብረቱ ይዛ ተመለሰች፤ ከሚፈርሰው ግድግዳ ላይ ነቅላው ነው። ሳሎኑ ግድግዳ ላይ ካለው ሥዕለ ማርያም ጎን መትታ አቆመችው። ሚዛኑ ወደ ግራ ትንሽ ያዘነብላል፣ ጽዋው ግን ተቀመጠበት። ወደ ውስጥ ስትመለስም ደፉን ረግጣው ገባች፤ ዘርፈሽዋል አየች፣ እንዳላየችም አልሆነችም።

ሴቶቹ ከተበተኑ በኋላ ወልቂጤ ደወለች። ፈቲሀ በአንድ ጥሪ አነሣች፤ ስልኩን ይዛ የጠበቀች ትመስላለች። ከበስተኋላዋ መዶሻ ይሰማል።

«ተቀበሉሽ?»

«ተቀበሉኝ።»

ፈቲሀ እንባዋን ለመደበቅ ስለ ዕቃው ማማረር ጀመረች። ሾፌሩ የወንበር እግር ሰብሮባታል፣ ክፍሎቹ ጠባብ ናቸው፣ ዑመይር ደግሞ አሁን መደርደሪያ እየመታ አንድ ጣውላ ጎድሏል እያለ ይነዘንዛታል፤ እኔ እንግዲህ የቱን እንደረሳሁ ምን አውቃለሁ አለች።

ዘርፈሽዋል ቀና ብላ አየችው። በአምስት ዓመት ውስጥ ያን ጣውላ ቀና ብላ ስታየው የመጀመሪያዋ ነው።

«እዚህ ነው ያለው» አለቻት። «ጽዋው ተቀምጦበታል።»

«አልሐምዱሊላህ» አለች ፈቲሀ። ስልኩን ከአፏ ራቅ አድርጋ ልጇን ስትጣራ ተሰማ፤ «ዑመይር፣ ተወው፣ አልጎደለም።»